1080ፒ ሞኒተር ላይ የ4ኬ ስዕል፦ ጌምን ከስክሪኑ በላይ በሆነ ሪዞሉሽን ማስኬድ

ሴቲንጉን ሁሉ አልትራ ላይ አድርጋችሁም የሩቁ አጥር ሽቦ እየተቆራረጠ ይታያል፤ ካሜራውን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ቅጠሉ ይብለጨለጫል፤ የጣሪያው ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ይህ የሴቲንግ ማነስ አይደለም። 1920 በ 1080 የሆነ ሞኒተር 2,073,600 ፒክስል አለው፤ ጌሙ በዚያው ልክ ሲሳል ከእያንዳንዱ ፒክስል የሚወሰደው ናሙና አንድ ብቻ ነው። ግራፊክስ ካርዱ የፒክስሉን መሐል ነጥብ አይቶ እዚያ ያለው ሽቦ ይሁን ሰማይ ይለያል፤ ያገኘውም ቀለም የፒክስሉ ሙሉ ቀለም ይሆናል። ቀጭኑ ሽቦ በፒክስሉ ዳር አልፎ መሐሉን ካልነካ እንደሌለ ይቆጠራል። በሚቀጥለው ፍሬም ካሜራው በግማሽ ፒክስል ሲንሸራተት ደግሞ ያው ሽቦ ድንገት ፒክስሉን ሙሉ ይይዘዋል። አንድ ሰው ብቻ ጠይቆ ስለ ሰፈሩ ሁሉ እንደ መናገር ነው።

መፍትሔው ናሙናውን ማብዛት ነው። ጌሙ በ3840 በ 2160፣ ማለትም በ4ኬ፣ ቢሳል 8,294,400 ፒክስል ይኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ የሞኒተር ፒክስል አራት ናሙና ይደርሰዋል ማለት ነው። ካርዱ የአራቱን አማካይ ወስዶ አንድ ቀለም ያደርጋቸውና ለሞኒተሩ የለመደውን የ1080ፒ ሲግናል ይልካል። ሞኒተሩ የተለወጠ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። የፒክስሉን ሩብ የያዘው ሽቦ አሁን በቀለሙ ሩብ ያህል ደብዘዝ ብሎ በቦታው ይቆያል፤ አይጠፋም፣ አይብለጨለጭም። የዘዴው ስም ሱፐርሳምፕሊንግ ነው፤ ተጫዋቾች ግን በአብዛኛው ዳውንሳምፕሊንግ ይሉታል።

«አንቲአሊያሲንግ (የጠርዝ ማለስለሻ) እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የቀድሞው ኤምኤስኤኤ ብዙ ናሙና የሚወስደው በቅርጾች ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። በቅርጹ ውስጥ ያለውን፣ ማለትም የብረት ነጸብራቅን፣ የውሃ ሞገድን፣ የሻካራ ግድግዳን ብልጭታ አይነካም፤ ከምስል ተቆርጠው የሚወጡ ቅጠሎችንም ተጨማሪ ዘዴ ካልታከለበት እንዳሉ ይተዋቸዋል። ዛሬ አብዛኞቹ ትልልቅ ጌሞች መብራትን በሚያሰሉበት መንገድ ኤምኤስኤኤ በጣም ውድ ስለሆነ ጭራሽ ከሜኑው ወጥቷል። የተተካው ቲኤኤ ያለፉትን ፍሬሞች ከአሁኑ ጋር ያዋህዳል፤ ብልጭታውን ጥሩ አድርጎ ያስታግሳል፣ ነገር ግን በ1080ፒ ስዕሉን ያደበዝዛል፣ ሲንቀሳቀሱም ከኋላ ጥላ ያስቀራል። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን በ1080ፒ ሞኒተር የተጫወተ ሰው የፈረሱን ጋማና የሣሩን ብዥታ ያስታውሳል። ሪዞሉሽኑ ሲጨምር ቲኤኤ የሚያዋህዳቸው ፒክስሎች በመጠን ያንሳሉ፤ ብዥታው ጠቦ፣ ስዕሉ ወደ ሞኒተሩ ልክ ሲመለስ ከዓይን ይሰወራል። ዳውንሳምፕሊንግ በአዳዲስ ጌሞች ላይ ዋና ጥቅሙ ይህ ነው እንጂ የጠርዝ ማለስለስ አይደለም።

እንዲያውም በጠርዝ ብቻ ከተወዳደሩ 4 እጥፍ ዳውንሳምፕሊንግ ከ4 እጥፍ ኤምኤስኤኤ ያንሳል። አራቱ ናሙናዎች ሁለት በሁለት ሆነው በቀጥታ መስመር ስለሚደረደሩ፣ ለጥ ሊል የተቃረበ ጠርዝ ሲያልፍባቸው ሁለቱ አንድ ላይ ይሸፈናሉ፤ በጥቁርና በነጭ መካከል የሚወጣው ቀለም አንድ ብቻ ይሆናል። ኤምኤስኤኤ ናሙናዎቹን አዘንብሎ ስለሚበትናቸው ሦስት መካከለኛ ቀለም ያወጣል። ስለዚህ ከፍ ባለ ሪዞሉሽን ስትጫወቱም የጌሙን አንቲአሊያሲንግ አታጥፉ። «4ኬ ነው፣ አያስፈልግም» የሚለው ምክር ብዙ ቦታ ይነገራል፤ ልክ አይደለም።

ሌላው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ትርፍ ቴክስቸሩ (በቅርጾች ገጽ ላይ የሚለጠፈው ምስል) ነው። ጌም እያንዳንዱን ቴክስቸር በተለያየ መጠን አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፤ የትኛውን እንደሚጠቀም የሚወስነው ያ ገጽ ስክሪን ላይ ስንት ፒክስል እንደሚይዝ አይቶ ነው። ሪዞሉሽኑ በየጎኑ እጥፍ ሲሆን ካርዱ በራሱ አንድ ደረጃ የሚበልጠውን ቴክስቸር ያነሳል። የሩቅ መንገድ አስፋልት፣ የግድግዳ ጽሑፍ፣ የልብስ ስፌት የሚጠራው ለዚህ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ከ2014 በፊት በእጅ ይሠራ ነበር፤ በድራይቨሩ (ካርዱን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ውስጥ ሞኒተሩ የሌለው ሪዞሉሽን እየተፈጠረ። በ2012 ዳርክ ሶልስ ለፒሲ ሲወጣ የውስጥ ሪዞሉሽኑ 1024 በ 720 ላይ ተቸንክሮ ስለነበር፣ ዱራንቴ በሚል ስም የሚታወቀው ፕሮግራመር ዲኤስፊክስ የተባለውን ሞድ ሠርቶ ገደቡን አነሳ። በመስከረም 2014 (በፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ኤንቪዲያ ከጂቲኤክስ 970 እና 980 ጋር ይህንኑ በድራይቨሩ ውስጥ የሚሠራውን ዲኤስአርን አወጣ፤ በታኅሣሥ ወር ኤኤምዲ በቪኤስአር ተከተለ። በጥር 2022 ደግሞ ለአርቲኤክስ ካርዶች ብቻ የሚሆነው ዲኤልዲኤስአር መጣ። ከዚያ ወዲህ በእጅ መሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ጊዜ ነው።

ኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ክፈቱ፤ ማኔጅ 3ዲ ሴቲንግስ ውስጥ ግሎባል ሴቲንግስ የሚለውን ትር ያዙ። ለአንድ ጌም ብቻ ለይታችሁ ልታበሩት አትችሉም፤ ሁልጊዜ ግሎባል ውስጥ ነው። ዲኤስአር ፋክተርስ የሚለውን ስትነኩ ከ1.20 እስከ 4.00 የሚደርሱ ቁጥሮች ይዘረዘራሉ። ቁጥሩ የሚናገረው የጠቅላላ ፒክስሉን ብዛት ነው፤ የጎኑን ርዝመት አይደለም። ለ1080ፒ ሞኒተር 1.78 ማለት 2560 በ 1440፣ 2.25 ማለት 2880 በ 1620፣ 4.00 ማለት 3840 በ 2160 ነው። የምትፈልጉትን ምልክት አድርጋችሁ አፕላይ በሉ። ስክሪኑ ለአፍታ ጠፍቶ ይመለሳል። ከዚያ ጌሙን ከፍታችሁ ከሪዞሉሽን ዝርዝሩ አዲሱን ምረጡ። ጌሙ የሚሠራው በቦርደርለስ (ጠርዝ በሌለው መስኮት) ብቻ ከሆነ አዲሱ ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ አይታይም፤ ያኔ መጀመሪያ የዊንዶውስን የራሱን ዴስክቶፕ ወደዚያ ሪዞሉሽን ቀይራችሁ ጌሙን ክፈቱት፣ ስትጨርሱ መልሱት። ዴስክቶፑን እንዲያው አትተዉት፤ የጽሑፍ ፊደል ሲታመቅ ዓይን ያደክማል።

ብዙ ሰው «ሞክሬው ደበዘዘብኝ» ብሎ የሚተወው ከፋክተሩ በታች ባለችው ዲኤስአር ስሙዝነስ በምትባል መስመር ምክንያት ነው። ፋብሪካው 33 በመቶ ላይ አድርጎ ይሰጣል። ይህ ዋጋ ስዕሉ ሲታመቅ ምን ያህል እንዲለሰልስ ይወስናል። በ4.00 ከሆናችሁ ዜሮ አድርጉት፤ እያንዳንዱ ፒክስል በትክክል ከአራት ፒክስል ስለሚሠራ ማለስለሻ አያስፈልገውም፣ 33 ላይ መተው ያገኛችሁትን ጥራት መልሶ መጣል ነው። በ1.50 ወይም 1.78 ግን የትልቁ ስዕል ፒክስሎች ከሞኒተሩ ፒክስሎች ጋር አይገጣጠሙም፤ አንዳንዱ የትልቁ ስዕል ፒክስል ለሁለት የሞኒተር ፒክስሎች ይከፈላል። ስሙዝነሱን ዜሮ ካደረጋችሁት ቀጫጭን መስመሮች ወጣ ገባ ይሆናሉ፤ ከፍ ካደረጋችሁት ስዕሉ ይደበዝዛል። ከ20 እስከ 33 ባለው መካከል ሞክሩ። በእኛ አስተያየት 1.20 እና 1.50 ለፍሬማቸው የሚገባ ነገር አይሰጡም፤ ካርዳችሁ ከዚያ በላይ ካልቻለ በነበረበት መቆየት ይሻላል።

ያልተገጣጠሙትን ቁጥሮች የሚያድነው ዲኤልዲኤስአር ነው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ዲኤል ስኬሊንግ በሚል ክፍል 1.78 እና 2.25 ብቻ ይዞ ይገኛል። ስዕሉን የሚያሳንሰው በተራ ማጣሪያ ሳይሆን በካርዱ ቴንሰር ኮር ላይ በሚሠራ በሠለጠነ ኔትዎርክ ነው። ኤንቪዲያ የ2.25 ውጤቱን ከ4.00 ዲኤስአር ጋር ያስተካክለዋል። ብልጭታን በማጥፋት ረገድ በእርግጥ ይቀርበዋል፤ በቴክስቸር ዝርዝር ግን 4.00 አሁንም ይበልጣል። ስሙዝነስ እዚህ ላይ የሚሠራው በሌላ መልክ ነው፦ ዜሮ ላይ ስዕሉ ከመጠን በላይ ስለት ይኖረዋል፣ በጨለማ ጠርዞች ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣል፤ 100 ላይ ስለቱ ይጠፋል። ከ50 ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ። አንድ ጉዳይ ግን አስተውሉ፤ ሁለቱም ዘዴዎች አንድ ዋጋ ነው የሚጋሩት፣ ስለዚህ ለዲኤልዲኤስአር 75 አድርጋችሁ ወደ 4.00 ዲኤስአር ስትዛወሩ ጭጋግ የመሰለ ስዕል ትቀበላላችሁ።

አርቲኤክስ ካርድ ላይ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ዲኤልዲኤስአርን ከዲኤልኤስኤስ (ጌሙን በአነስተኛ ሪዞሉሽን አስሎ በሠለጠነ ኔትዎርክ ከሚያሳድገው ዘዴ) ጋር በማጣመር ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 1080ፒ ሞኒተር ላይ 2.25 ብትመርጡ ጌሙ 2880 በ 1620 ነኝ ይላል፤ ዲኤልኤስኤስን ኳሊቲ ላይ ብታደርጉ የየጎኑን ሁለት ሦስተኛ ይስላል፣ ያም 1920 በ 1080 ነው። በሌላ አነጋገር በመጀመሪያው ሪዞሉሽን የተሳለ ስዕል በዲኤልኤስኤስ ያድጋል፣ በዲኤልዲኤስአር ይታመቃል፤ ውጤቱም ከተራው 1080ፒና ቲኤኤ በግልጽ ይበልጣል። 1440ፒ ሞኒተር ላይ ያው 2.25 ፋክተር 3840 በ 2160 ይሰጣል፤ ኳሊቲ ሲሆን ከውስጥ 2560 በ 1440 ይሳላል። ነፃ ግን አይደለም። ዲኤልኤስኤስ የሚያመርተው ስዕል ትልቅ ስለሆነና እንደ ብሉም (የብርሃን ፍካት) እና የእንቅስቃሴ ብዥታ ያሉ የመጨረሻ ሥራዎች በትልቁ ስዕል ላይ ስለሚካሄዱ ጥቂት ፍሬም ይበላል። ካልተቻላችሁ ኳሊቲን ወደ ባላንስድ ዝቅ ማድረግ ዲኤልዲኤስአርን ከማጥፋት ይሻላል። ጌሙ ዲኤልኤኤ ካለው ደግሞ መጀመሪያ እሱን ብቻውን ሞክሩ፤ ሪዞሉሽን ሳይቀይር ቲኤኤን በተሻለ ይተካል፣ ከታች የምንዘረዝራቸውን ጣጣዎችም አያመጣም።

በኤኤምዲ በኩል ሥራው አጭር ነው፦ አድሬናሊን ሶፍትዌር ውስጥ ከሴቲንግስ ዲስፕሌይን ከፍታችሁ ቨርቹዋል ሱፐር ሪዞሉሽንን (ቪኤስአርን) አብሩ፤ አዲሶቹ ሪዞሉሽኖች በየጌሙ ይታያሉ። እንደ ስሙዝነስ ያለ መቆጣጠሪያ የለውም። ከድራይቨር ጋር መታገል የማይፈልግ ሰው ደግሞ በየትኛውም ካርድ ላይ በጌሙ ውስጥ ያለውን ሬንደር ስኬል ወይም ሪዞሉሽን ስኬል መጠቀም ይችላል። ይህ የበለጠ ንጹሕ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም የሚያድገው የጌሙ ዓለም ብቻ ሲሆን ካርታው፣ የጥይት ቁጥሩና ጽሑፉ በሞኒተሩ ልክ ይሳላሉ። መቶኛው ግን ያታልላል፦ በአብዛኞቹ ጌሞች 200 በመቶ ማለት የየጎኑ እጥፍ፣ ማለትም 4 እጥፍ ፒክስል ነው። 150 በመቶ ያው 2.25 ነው። 125 «ትንሽ ጭማሪ» ቢመስልም ከግማሽ በላይ ተጨማሪ ፒክስል ያስጭናል።

በእጅ የሚፈጠር ሪዞሉሽን የሚያስፈልገው ድራይቨሩ የምትፈልጉትን ቁጥር ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ አጀስት ዴስክቶፕ ሳይዝ በሚለው ገጽ ስኬሊንጉ (የስዕሉ መጠን ለውጥ) በጂፒዩ፣ ማለትም በግራፊክስ ካርዱ፣ እንዲካሄድ አድርጉ፤ ሞኒተሩ ላይ ከተተወ ትልቁ ሲግናል በቀጥታ ወደ ሞኒተሩ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ቼንጅ ሪዞሉሽን ውስጥ ከስተማይዝ፣ ቀጥሎ ክሪኤት ከስተም ሪዞሉሽን በሉና ለምሳሌ 2880፣ 1620 እና 60 ኸርትዝ አስገቡ። ቴስት ስትሉ ስክሪኑ ከጠቆረ ወይም ሞኒተሩ «ከክልል ውጭ» ካለ ምንም ሳትነኩ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፤ በራሱ ይመለሳል። ውድቀቱ የሚመጣው ከፒክስል ክሎክ (ፒክስሎች ወደ ሞኒተሩ ከሚላኩበት ፍጥነት) ነው፦ 1080ፒ በ60 ኸርትዝ 148.5 ሜጋኸርትዝ ይፈልጋል፣ 2880 በ 1620 በመስመሮችና በፍሬሞች መካከል ያለው ባዶ ጊዜ በተቀነሰበት አቆጣጠር እንኳ ወደ 300 ይጠጋል፣ የኤችዲኤምአይ 1.4 ጣሪያ ደግሞ 340 ነው። ታይሚንጉን ባዶ ጊዜው ወደተቀነሰበት ሲቪቲ ሪዲውስድ ብላንክ መቀየር ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። በእጅ የፈጠራችሁት ሪዞሉሽንና ዲኤስአር ግን አብረው አይኖሩም፤ ዲኤስአር ሊበራላችሁ እምቢ ካለ መጀመሪያ የፈጠራችሁትን ሰርዙ።

ከሚያጋጥሙ ጣጣዎች አንዱ ፋክተሮቹ ያልጠበቃችሁትን ቁጥር መስጠታቸው ነው። አንዳንድ 1440ፒ ሞኒተሮች ለኮንሶል ብለው የ4ኬ ሲግናል እንቀበላለን ይላሉ፤ ድራይቨሩም ያንን እውነት ብሎ እጥፉን ከ4ኬ ላይ ያሰላል፤ ብዙ ካርድ የማይሸከመው ሪዞሉሽን ይወጣል። መድኃኒቱ ከስተም ሪዞሉሽን ዩቲሊቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ሞኒተሩ ስለራሱ ከሚሰጠው መረጃ ውስጥ 3840 በ 2160 የሚሉትን መስመሮች ሰርዛችሁ፣ አብሮት በሚመጣው ሪስታርት ፕሮግራም ድራይቨሩን ታስነሳላችሁ። ብታበላሹ ሪሴት ኦል የሚለው ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ የት እንዳስቀመጣችሁት ቀድማችሁ እወቁ፣ በጠቆረ ስክሪን ፋይል መፈለግ አስቸጋሪ ነው።

ላፕቶፕ ላይ ዲኤስአር ጭራሽ ከዝርዝሩ ቢጠፋ ካርዳችሁ አልተበላሸም። በብዙ ላፕቶፖች ስክሪኑ የተገናኘው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ግራፊክስ ጋር ነው፤ ኤንቪዲያው ስሎ ያስረክባል እንጂ ስክሪኑን አይነዳም፣ ስለዚህ የስክሪን ቅንብር የለውም። ባዮስ ውስጥ ወይም በአምራቹ ፕሮግራም ስክሪኑን ወደ ኤንቪዲያ የሚያዛውር ምርጫ ካለ አብሩት፤ ካልሆነ ከኤንቪዲያው ጋር በቀጥታ በተያያዘ ወደብ ላይ የውጭ ሞኒተር ሰኩ፤ ያም ከሌለ የጌሙ ሬንደር ስኬል ቀርቶላችኋል። ፈጣን ሞኒተሮች ላይ ደግሞ ዲኤስሲ የሚባለው የሲግናል ማመቂያ ሲሠራ በብዙ ካርዶች ዲኤስአር ይዘጋል፤ በሞኒተሩ ሜኑ ዲኤስሲን ማጥፋት ወይም ሪፍሬሽ ሬቱን ዝቅ ማድረግ ሊመልሰው ይችላል።

ስዕሉ ተቆርጦ ወይም ጎልቶ አንድ ጥጉ ብቻ ከታየ ጥፋቱ የዊንዶውስ ስኬሊንግ 125 ወይም 150 በመቶ መሆኑ ነው። የጌሙን ኤክስኢ ፋይል ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ የሃይ ዲፒአይ ምርጫውን አፕሊኬሽን ላይ አድርጉት። ጽሑፉ በጣም ካነሰ ጌሙ የዩአይ ስኬል እንዳለው እዩ፤ የድሮ ጌም ከሆነና ከሌለው በ4.00 ፋንታ 2.25 ማስማሚያው ነው። ሪፍሬሽ ሬቱንም አረጋግጡ፤ 144 ኸርትዝ ሞኒተር ይዛችሁ ጌሙ አዲሱን ሪዞሉሽን በ60 ሊከፍተው ይችላል።

አቅሙ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን በመሰለ መሣሪያ የጂፒዩ አጠቃቀምን ስክሪኑ ላይ አውጡ። 60 ፍሬም ላይ ቆልፋችሁ ጂፒዩው 45 በመቶ ላይ እየዋለ ከሆነ ግማሹ አቅም ተቀምጧል፤ 1.78 ወይም ሲደላ 2.25 ይበቃዋል። ፍሬሙን የያዘው ፕሮሰሰሩ ሲሆንም እንደዚሁ፤ ሪዞሉሽን ፕሮሰሰሩ ላይ ሥራ አይጨምርበትም፣ ጭማሪው ያለ ፍሬም ኪሳራ ሊያልፍ ይችላል። ጂፒዩው ቀድሞውኑ 98 በመቶ ላይ ከሆነ ግን ሒሳቡ ጨካኝ ነው፦ 100 ፍሬም የነበረው በ2.25 ወደ 44 ሊወርድ ይችላል፣ በተግባር ሥራው ሁሉ በፒክስል ስለማይለካ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ቪራምንም (የካርዱን የራሱን ሜሞሪ) ተመልከቱ። አንድ ፒክስል 4 ባይት ቢይዝ አንድ የ1080ፒ ስዕል 8.3 ሜጋባይት ነው፣ በ4ኬ 33፤ ዘመናዊ ጌም እንዲህ ያለውን በርካታ በአንድ ጊዜ ይዞ ይሠራል። 4 ጊጋባይት ካርድ ላይ አማካይ ፍሬሙ ጥሩ መስሎ ካሜራ ባዞራችሁ ቁጥር የሚንገጫገጨው ቪራሙ ሞልቶ ነው፤ ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ከሪዞሉሽኑ በፊት ይሞከር።

ቅድሚያ የምንሰጠው ከ2015 በፊት ለወጡ ጌሞች ነው። ዛሬ መካከለኛ የሆነ ካርድ እነሱን በ4.00፣ ስሙዝነስ ዜሮ ሆኖ፣ ከራሳቸው አንቲአሊያሲንግ ጋር ያለ ችግር ይሸከማል፤ ልዩነቱም ከማንኛውም ዘዴ በላይ እዚያ ላይ ይታያል። በፍጥነት የሚተኮስባቸው የውድድር ጌሞች ላይ ግን ተዉት፤ እዚያ ፍሬሙ ይበልጣል።

ስታወዳድሩ በስክሪንሾት አትመኑ። ዲኤስአር እና ዲኤልዲኤስአር ስዕሉን የሚያምቁት ወደ ሞኒተሩ ሲልኩት ነው፤ ስክሪንሾት የሚነሳው ግን ከዚያ በፊት ስለሆነ የሚቀመጠው ያልታመቀው ትልቁ ስዕል ነው። ስሙዝነሱን 0 ብታደርጉም 100 ብታደርጉም ፋይሉ አንድ ዓይነት ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ፣ ቀጭን ሽቦ ወይም ሣር ፊት ለፊት አድርጋችሁ፣ ካሜራውን ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ በዓይናችሁ እዩት፤ የቆመ ስዕል ላይ ብልጭታ አይታይም።